የእቁብ ዕጣና የአል ዓይን ውሃ

አቡ ዳቢ ከተማ፣ ሙሰፋህ፣ ከሊፋ ሲቲ፣ አል ዓይን ላላችሁ፣ አገር ቤት ሆናችሁም ለምትከታተሉን፣ የዛሬው ዝግጅታችን ሌላውን እየደገፉ ራስን ስለማሳደግ ነው። ርዕሱን ስትሰሙ «ይህ ደግሞ ስብከት ነው» ብላችሁ ድምፁን ልትቀንሱ የቃጣችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ አብዛኛውን ሰዓት የማወራው ስለ ሒሳብና ስለ ውሃ ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠራ ደግሞ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ከሩጫ እንነሣ። አቡ ዳቢ ዛሬ የምናውቀውን ትልቅ ማራቶን ማካሄድ የጀመረችው በዲሴምበር 2018 ነው። በዚያ በመጀመሪያው ውድድር በሴቶች ያሸነፈችው የእኛዋ አባብል የሻነህ ናት፤ የገባችውም በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። እኔ ግን ዛሬ የፈለግሁት የቀጣዩን ዓመት፣ የ2019ኙን የወንዶች ውድድር ነው። ያሸነፈው ኬንያዊው ሩበን ኪፕየጎ ሲሆን ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። የሚገርመው ግን ሰዓቱ አይደለም። ሰውዬው ወደ ውድድሩ የገባው በአሯሯጭነት ነበር።

አሯሯጭ ምን እንደሚሠራ የሩጫ ወዳጆች ታውቃላችሁ። ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይከፍላል፤ የተባለውን ፍጥነት ሳያዛንፍ ይጠብቃል፤ ከኋላው ያሉት ሐሳባቸውን ጥለው እሱን ብቻ ይከተላሉ። ብዙውን ጊዜ ከግማሹ በኋላ ወይም ወደ 30ኛው ኪሎ ሜትር ግድም «በቃኝ» ብሎ ከመንገዱ ይወጣል፤ ክፍያውንም ይቀበላል። ኪፕየጎ ግን አልወጣም። ሮጠ፣ ሮጠና ቀድሞ ገባ።

ይህን ታሪክ «ደግ ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል» ለማለት የሚጠቅሱ አሉ። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። አብዛኞቹ አሯሯጮች አያሸንፉም፤ ኪፕየጎም ቢሆን ተከፍሎት እንጂ ለጽድቅ ብሎ አልነበረም ከፊት የመራው። ከታሪኩ የሚወሰደው ሌላ ነገር ነው። ሌላውን በዚያ ፍጥነት ለመውሰድ አሯሯጩ ራሱ ያን ፍጥነት መቻል አለበት። ለሌላው ብሎ የተለማመደው ጉልበት እግሩ ውስጥ ቀርቷል፤ ማንም ሊወስድበት አይችልም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን መደጋገፍ የመንደር ሁሉ ሥራ ወደሆነበት፣ ወደ አል ዓይን እንሂድ። በዕረፍት ቀናችሁ ከከተማዋ መሃል ወዳለው የቴምር ዛፍ ጥላ ገብታችሁ የተንሸራሸራችሁ ብዙ ናችሁ። ቦታው ወደ 1,200 ሄክታር ይሰፋል፤ ከ147 ሺህ በላይ የቴምር ዛፍ እንዳለውም ይነገራል። ዩኔስኮ በ2011 የአል ዓይንን የጥንት ስፍራዎች፣ ሐፊትን፣ ሂሊን፣ ቢዳ ቢንት ሳዑድንና እነዚህን የቴምር ስፍራዎች በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። እዚያ ስትሄዱ ከግንቡ ሥር፣ ከእግራችሁ አጠገብ፣ ቀጠን ያለ የውሃ ቦይ ያልፋል። ልጆች እግራቸውን ይነክሩበታል፤ ብዙዎቻችንም ፎቶ ተነሥተን እናልፈዋለን። ያ ቦይ ፈለጅ ይባላል።

ፈለጅ እንዲህ ይሠራል። ከተራራው ወገን እናት ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ዐረቦቹም ኡም አል ፈለጅ ይሉታል፣ የፈለጁ እናት እንደማለት ነው። ከመሬት በታች ያለው ውሃ እስኪገኝ ድረስ ይወረዳል። ከዚያ ጀምሮ ወደ እርሻው አቅጣጫ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ ይፈለፈላል፤ ቁልቁለቱ በጣም ትንሽ ነው፤ ከበዛ ውሃው ግድግዳውን ይሸረሽራል፣ ካነሰ ደግሞ ይቆማል። በየተወሰነ ርቀት ከላይ ጉድጓድ እየተበጀለት አፈር ይወጣበታል፣ አየርም ይገባበታል። ሞተር የለም፣ ፓምፕ የለም። ውሃው በራሱ ክብደት ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከእርሻው አፋፍ ላይ ብቅ ይላል። ሂሊ አካባቢ በቁፋሮ የተገኘው ፈለጅ ወደ 3,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ይሰጠዋል።

መሐንዲስነቱ ይቆየንና ስለ አከፋፈሉ ላውራችሁ፤ ለርዕሳችን የሚቀርበው እሱ ነው። ውሃው በባልዲ አይሰፈርም። የሚሰፈረው ጊዜው ነው። አቶ እገሌ ከዚህ እስከዚህ ሰዓት፣ ወይዘሮ እገሊት ከዚያ በኋላ። ሰዓት በሌለበት ዘመን ቀን ቀን በጥላ ርዝመት፣ ሌሊት ሌሊት በኮከብ ይለካ ነበር። ይህን የሚቆጣጠር ዓሪፍ የሚባል ሰው አለ። ተራው ሲደርስ የአንዱ ማሳ በር ይከፈታል፤ የሌላው በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተራህ ከደረሰ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥተህ ትጠብቃለህ። በ2020 ዩኔስኮ የመዘገበው ቦዩን ብቻ አይደለም፤ ይህን የመሥራት፣ የመጠገንና ውሃን በእኩልነት የማከፋፈል ዕውቀት ጭምር ነው።

እንግዲህ አስቡት። ከላይ ያለው ገበሬ፣ ውሃው ቀድሞ የሚደርሰው፣ ለምን ከታች ላለው ይለቅለታል? «ደግ ስለሆነ» ካላችሁኝ ለ3,000 ዓመት ደግ ሰው ብቻ ከላይ ተወለደ ልትሉኝ ነው። እውነተኛው ምክንያት ቦዩ መጠረጉ ነው። አፈር ይገባበታል፣ ጣራው ይደረመሳል፣ ሥር ይበቅልበታል። ያን ለመጥረግ የሁሉም ጉልበት ያስፈልጋል። ከታች ያለው ውሃ ካልደረሰው ለጠረጋው አይመጣም። ካልመጣ ቦዩ ይደፈናል። ሲደፈን ደግሞ ከላይ ያለውም ይደርቅበታል።

ይህን ነገር በጥናት ያረጋገጠች ሴት አለች። ኤሊኖር ኦስትሮም ትባላለች፤ አሜሪካዊት ነበረች። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ስትወስድ በዚያ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ዕድሜዋን ያሳለፈችው ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበትን ውሃ፣ ደን፣ የግጦሽ መሬትና ዓሣ እንዴት ሳያጠፉ እንደሚኖሩ በማጥናት ነው። ኔፓል ውስጥ ያየችው ነገር እስካሁን ያስገርመኛል። ገበሬዎች በድንጋይና በእንጨት በሠሩት፣ በየዓመቱ ጥገና በሚፈልግ መስኖ፣ ከታች ያሉት ውሃ በደንብ ይደርሳቸው ነበር። በኋላ በሲሚንቶ ጠንካራ ግድብ ተሠራላቸው። ይሻላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ አይደል? በብዙ ቦታ ግን ለታችኞቹ የሚደርሰው ውሃ ቀነሰ። ለምን? ከላይ ያሉት ከዚያ በኋላ የታችኞቹ ጉልበት አላስፈለጋቸውም።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር አለኝ። ሰው ለሰው የሚደርሰው መፈላለጉ ሲታየው ነው። ስለዚህ ለማደግ የሚፈልግ ሰው «እኔ ማንን እፈልጋለሁ? እኔንስ ማን ይፈልገኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ኑሮው ላይ ትልቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

አል ዓይን ውስጥ ይህን የተረዳ አንድ ሰው ነበር፤ ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሼኽ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን በ1946 በአል ዓይንና አካባቢው የአቡ ዳቢ ገዢ እንደራሴ ሲሆን ነዳጅ የሚባል ነገር ገና አልወጣም። የዕንቁ ንግዱ ደግሞ ጃፓኖች ዕንቁን ማርባት ከጀመሩ ወዲህ ወድቆ ነበር። በእጁ ያለው ገንዘብ ጥቂት ነው። ፈለጆቹ በአፈር ተደፍነዋል። ውሃውም ቢሆን በጥቂት ባለጸጎች እጅ ነበር፤ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ዛይድ ያደረገው መጀመሪያ ቦዮቹን ማስጠረግ ነው፤ አዲስ ፈለጅም አስቆፈረ። ሕዝቡ የሚያወራው ራሱም ጉድጓድ ወርዶ ከሠራተኛው ጋር እንደቆፈረ ነው። ከዚያ የውሃውን ባለቤትነት አሻሻለ። ሌሎቹን «ተዉ» ከማለቱ በፊት ግን የራሱን ቤተሰብ የውሃ መብት ለቀቀ።

ይቺን ነገር በቀላሉ አትለፉልኝ። ያልያዘውን አላካፈለም፣ የሌላውን ወስዶም አልሰጠም፤ ከራሱ ተራ ነው የጀመረው። ውሃው ተዳረሰ፣ እርሻው ሰፋ፣ የአል ዓይን ገበያ በአካባቢው ትልቁ ሆነ። ዛይድ በኦገስት 1966 የአቡ ዳቢ ገዢ ሆነ። በዲሴምበር 2 ቀን 1971 ኤምሬቶቹ ሲዋሐዱ ፕሬዚዳንት ሆኖ እስከ 2004 ድረስ፣ እስኪያርፍ መራ። ለሥልጣኑ ምክንያቱ ፈለጅ ብቻ ነው አልልም፤ የነዳጁ ገንዘብም አለ፣ የቤተሰቡም ጉዳይ አለ። ነገር ግን ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት የበረሃው ጎሳዎች ቃሉን ማመን የለመዱት በአል ዓይን ዓመታት ነው።

ሌላ ትንሽ ነገር ልጨምር። በ1960 ፓትና ማሪያን ኬኔዲ የሚባሉ ባልና ሚስት አሜሪካውያን ሐኪሞች በግብዣ ወደ አል ዓይን መጡ። ያኔ እናቶችና ሕፃናት በወሊድ እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። ለሥራ የተሰጣቸው የዛይድ የጭቃ የእንግዳ ቤት ነው። ኦአሲስ የተባለው፣ አሁን ከናድ የሚባለው ሆስፒታል የተጀመረው እዚያ ነው። በ1961 በዚያው ሆስፒታል ከተወለዱት አንዱ የራሱ የዛይድ ልጅ ሞሐመድ፣ የዛሬው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ናቸው። ለሕዝቡ ተብሎ የተሰጠው ቤት የሰጪውን ልጅ ተቀበለ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ እኛው ቤት። ብዙዎቻችሁ የዕረፍት ቀናችሁ ሲደርስ የምትሰበሰቡበት ምክንያት እቁብ ነው። እቁብን እንደ ማኅበራዊ ወግ ብቻ የሚያዩ አሉ፤ ቡና መጠጫ፣ ወሬ ማውሪያ። እሱም አለ። ግን ሒሳቡን ቁጭ ብላችሁ አስባችሁት ታውቃላችሁ?

እንበል 12 ሴቶች በወር 500 ድርሃም ይጥላሉ። በየወሩ 6,000 ድርሃም ይሰበሰባል፣ ዕጣ የወጣላት ትወስዳለች። አንዷ ብቻዋን ብታጠራቅም 6,000 ድርሃም የምትይዘው በ12ኛው ወር ነው። በእቁብ ግን የመጀመሪያዋ ባለ ዕጣ በመጀመሪያው ወር ይዛለች፣ ሁለተኛዋ በሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የ12ቱን ሁሉ ብትደምሩና ብታካፍሉ አንዲት ሴት በአማካይ የምትጠብቀው 6 ወር ተኩል ነው። የመጨረሻዋስ? እሷ በ12ኛው ወር ታገኛለች፤ ብቻዋን ብታጠራቅምም ያው 12ኛ ወር ነበር። ስለዚህ ማንም አልተጎዳም፣ 11ዱ ግን ቀድመው አግኝተዋል። ወለድ የለም፣ ባንክ የለም፣ በአማካይ አምስት ወር ተኩል ግን ተርፏል። በ1993 ቲሞቲ ቤስሊና ባልደረቦቹ ይህንኑ በኢኮኖሚክስ መጽሔት ላይ በሒሳብ አሳይተውታል። እናቶቻችን መርካቶ ውስጥ ወረቀት ሳይጽፉበት ያውቁት ነበር።

ይህን የምናደርገው እኛ ብቻ አይደለንም። ጎረቤታችሁ ያለችው ፊሊፒናዊት ፓሉዋጋን ትለዋለች። ግብፃውያኑ ገምዒያ፣ ሶማሌዎቹ ሃግባድ ይሉታል። አቡ ዳቢ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ብዙ ዓይነት እቁብ ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ግን ሌላውን አያውቀውም።

እቁብን የሚያቆመው ፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ወር ይፈርስ ነበር። የሚያቆመው ዳኛው ነው፣ ጸሐፊው ነው፣ ዋሱ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ካላቀረበ ገንዘቡን አይወስድም። የቸገረው ሰው ዕጣ ሲገዛ፣ የሸጠለት ደግሞ ትንሽ ትርፍ ያገኛል። ከአል ዓይኑ ዓሪፍ ጋር አስተያዩት፤ ተራ ጠባቂ አለ፣ ቅጣት አለ፣ ሁሉም የሚያውቀው ወሰን አለ። ኦስትሮም የቆዩ የጋራ ሥራዎችን ስታጠና ያገኘቻቸው ነገሮች እነዚሁ ናቸው፦ አባሉ ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ የሚቆጣጠሩት ራሳቸው አባላቱ ናቸው፣ ለመጀመሪያ ጥፋት ቅጣቱ ቀላል ነው፣ ሲደጋገም ይከብዳል።

አገር ቤትም ይህንኑ በመንገድ ያደረጉት ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ የሚሠሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ከነጋዴውም ከቀን ሠራተኛውም መዋጮ እየሰበሰቡ ወደ ትውልድ አካባቢያቸው መንገድ አስገቡ። መንገዱ ለዘመድ ነበር የተሠራው። ሲጨርሱት ግን መርካቶ ላለው ነጋዴ ዕቃ የሚመጣበትም፣ የሚሄድበትም ሆነ።

(አጭር ሙዚቃ)

ገንዘቡን እዚህ ላይ እናቁመውና ስለ ሌላ ድጋፍ እናውራ። እንዲህ ያለ የድምፅ መልእክት ያልላከ ወይም ያልደረሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። አዲስ የመጣች ልጅ አለች፣ በኮንትራት፣ መክተቡ፣ ማለት ኤጀንሲው፣ ካስገባት ገና ሳምንቷ ነው። ማታ ክፍሏ ገብታ በሹክሹክታ ትደውላለች። ቀድማት የመጣችው እህቷ ወይም የሰፈሯ ልጅ ቁጭ ብላ እንዲህ ትላታለች (ካንዱራ የወንዶቹ ረጅም ልብስ፣ ጉትራ የራስ መሸፈኛቸው፣ ነሻ ልብስ ማጠንከሪያ፣ ባባ የቤቱ አባወራ ነው)፦

«እታለም፣ ስሚኝማ። አታልቅሺ። ካንዱራውን ጭራሽ አታድርቂው፤ እርጥበት እያለው አንሺው። መጀመሪያ አንገቱን ተኩሺ፣ ከዚያ እጅጌውን፣ ፊቱን መጨረሻ። ነሻውን ከሩቅ ነው የምትረጪው፤ ከተጠጋሽ ነጭ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ጉትራውን ደግሞ መሃል ለመሃል አጥፈሽ ጫፉን ከጫፉ ግጠሚው። መስመሩ ከተጣመመ ባባ አይለብሰውም፣ ይመልስልሻል። ደግሞ ማዳም ስትጠራሽ "እሺ" ብቻ አትበዪ፤ ካልገባሽ "ማፊ ማዕሉም" በያት፣ አትፈሪ።»

ይህ አንድ ደቂቃ የማይሞላ መልእክት ነው። ዋጋው ስንት ነው? ለተቀባይዋ ሥራዋን ሊያተርፍላት ይችላል። ለላኪዋስ? መጀመሪያ፣ ሥራዋን ለሌላ ስታስረዳ እሷ ራሷ በቅደም ተከተል አሰበችው። እጇ ብቻ ያውቀው የነበረውን ነገር አፏ አወቀው። ነገ ምግብ ቤት ልክፈት፣ የልብስ ንጽሕና ቤት ልክፈት ብትል ሠራተኛ ማሠልጠን ትችላለች። በሥራው ዓለም አለቃ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሌላውን ማሳየት የቻለው ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ስም ነው። እዚህ አገር ማዳሞች ሠራተኛ ሲፈልጉ ሁልጊዜ መክተብ አይሄዱም። ያለችውን ሠራተኛ «እንደ አንቺ ያለ እህት የለሽም ወይ?» ይላሉ። ያን ጥያቄ የሚጠየቁት ሌሎችን የሚያውቁና የሚያስተካክሉ ሴቶች ናቸው። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ በ1970ዎቹ ሰዎች ሥራ እንዴት እንዳገኙ ጠይቆ ነበር። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት አብዛኞቹ የነገራቸው የቅርብ ወዳጃቸው አልነበረም፤ አልፎ አልፎ የሚያዩት ሰው ነው። ምክንያቱ ከባድ አይደለም፤ አብራችሁ የምትበሉት ሰው የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ራቅ ያለው ግን ሌላ ቤት፣ ሌላ ሠፈር፣ ሌላ ወሬ ያውቃል። ስለዚህ የወሎዋ ልጅ የጅማዋን፣ የጎንደሯ የወላይታዋን ብታሳይ ለራሷም የሚሰፋ በር ነው። ከሰፈሬ ልጅ ጋር ብቻ የሚል እቁብ ደኅንነቱ ጥሩ ነው፤ ወሬው ግን እዚያው ይዞራል።

አሁን ደግሞ ስለ ሌላው ወገን። ሁሉን ረድተው ራሳቸው ባዶ የቀሩትን አታውቁም? እናውቃለን። ለሁሉ ዋስ የምትገባ፣ ደሞዟን ሙሉ በሐዋላ የምትልክ፣ ሌሊት ሙሉ የሰው ችግር ስትሰማ አድራ ጠዋት ሥራ ላይ የምትተኛ። አዳም ግራንት የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር በ2013 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ጉዳይ አንሥቶታል። ለሌላው የሚሰጡ ሰዎች በውጤት ከታች ጫፍ ላይ ይገኛሉ፤ ከላይ ጫፍ ላይም የሚገኙት እነሱው ናቸው። በቤልጂየም የሕክምና ተማሪዎች ላይ የተደረገው ጥናት በመጀመሪያው ዓመት ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ሰጪዎቹ እንደሆኑ አሳየ፤ የራሳቸውን ጥናት ትተው የሰውን ያስረዱ ነበር። ትምህርቱ ወደ ሆስፒታልና ወደ ቡድን ሥራ ሲዞር ግን ተገለበጠ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሁሉም የበለጡት እነሱ ሆኑ።

ልዩነቱ የት ነው? እንደኔ እንደኔ ሰዓቱ ላይ ነው። በፈለጁም የተራህን ውሃ ትጠቀማለህ፤ ሌላው በተራው ይጠቀማል። ማሳህን ሳታጠጣ በርህን ዘግተህ ውሃውን ሁሉ ወደ ታች ብትለቅ ዓሪፉም ያዝንብሃል። በ2022 የወጣው የአገሪቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ከነክፍያው፣ በቀን ደግሞ ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ከዚያ 8 ሰዓቱ ተከታታይ መሆን አለበት። ፓስፖርታችሁም በእናንተ እጅ መሆን አለበት። ይህ የእናንተ ተራ ነው። እሱን ለሰው ሁሉ እየሰጣችሁ ብትኖሩ የምትሰጡትም ያልቅባችኋል።

ድጋፉ ከሕግ ጋር እንዳያጋጫችሁም ተጠንቀቁ። አንዲት እህት ስትታመም ወይም ስታርፍ ቶሎ መዋጮ እንሰበስባለን፤ ይህ በአገራችን ምስጋና የሚያሰጥ ነው። በኤምሬቶች ግን በ2021 የወጣው የልገሳ ሕግ ግለሰቦች ከሕዝብ ገንዘብ እንዳይሰበስቡ ይከለክላል። በዋትስአፕ የተላከ «እባካችሁ አግዙ» የሚል ጽሑፍ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች አሉ፣ ኤምሬትስ ቀይ ጨረቃ አንዱ ነው፤ አቡ ዳቢ ያለው ኤምባሲያችንም ዱባይ ያለው ቆንስላም አለ። ኢቃማዋ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ያለፈባትን ልጅ ቤት ማስጠለልም እንዲሁ ያስቀጣል፣ ልባችሁ ቢያዝን እንኳ። የተሻለው መንገድ መረጃ መስጠት ነው። በ2024 ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ያለፈባቸው ያለ ቅጣት ሰነዳቸውን እንዲያስተካክሉ ወይም ወደ አገራቸው እንዲሄዱ ምሕረት ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ትልቁ እርዳታ «ቀኑ ሳያልፍብሽ ሂጂ» ብሎ መደወል ነበር፤ አንዲት የስልክ ጥሪ ናት።

እቁብ ለምትጀምሩ ደግሞ ከመሰናበቴ በፊት። ከመጀመሪያው ቀን በአንድ ወረቀት ላይ የአባላቱን ስም፣ የሚጣለውን መጠን፣ ዕጣ የሚወጣበትን ቀን፣ ያዘገየ ሰው የሚከፍለውን ቅጣት፣ የእያንዳንዱን ዋስ ጻፉ፤ ሁሉም ይፈርሙበት፣ ፎቶም ይነሣ። ቪዛዋ ሊያልቅ የተቃረበ ወይም ኮንትራቷን ልትጨርስ የደረሰች ካለች የመጀመሪያዎቹ ዕጣዎች ውስጥ አታስገቧት፤ እሷን መጥላት አይደለም፣ ስትሄድ የተቀሩት እንዳይከፍሉ ነው። ገንዘቡን የሚይዘው ሰው ከዳኛው የተለየ ቢሆን ይመረጣል። ከአቅም በላይ አትጣሉ፤ ደሞዛችሁ 1,200 ድርሃም ሆኖ 1,000 የሚጣልበት እቁብ ውስጥ ከገባችሁ በሁለተኛው ወር ብድር ፍለጋ ትጀምራላችሁ። የመጨረሻው ዕጣ የደረሰባትን ደግሞ በቀጣዩ ዙር መጀመሪያ አስገቧት የሚሉ እቁቦች አሉ፤ ደንቡ ጥሩ ነው፣ ብትይዙት አልቃወምም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ገንዘብ ወደ አገር ቤት ስትልኩ ክፍያውና ምንዛሪው እንዴት እንደሚሰላ ባለሙያ ጋብዘን እንወያያለን። ጥያቄ ያላችሁ እስከዚያ ላኩልን።